ላብ የሽንትን ሥራ ይሠራል?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። የጅቡቲ መስመር የከባድ መኪና ሾፌር ነኝ። አዲስ አበባ ሳለሁ ሽንቴ ቶሎ ቶሎ ይመጣል። አፋር ስወርድ ግን፣ በተለይ ከሚሌ እስከ ጋላፊ፣ ቀኑን ሙሉ ብሸና አንዴ ነው፣ እሱም ጠቆር ያለ ቢጫ። ረዳቴ «ቆሻሻው በላብ ወጥቶልሃል፣ ምን አስጨነቀህ» ይለኛል። እውነቱን ነው?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ረዳትህ ውሃው በላብ መውጣቱን አልሳተም። ቆሻሻው ላይ ግን ተሳስቷል።

ላብ ላንተ ራዲያተር ነው። ሥራው ሰውነትህ ከ37 ዲግሪ ብዙ እንዳይርቅ ማቀዝቀዝ ነው እንጂ ቆሻሻ ማውጣት አይደለም። ውሃና ጨው ነው፣ ሌላው ነገር በጣም ጥቂት ነው። ዋናው ቆሻሻ የሚመጣው ከምትበላው ፕሮቲን ነው፣ ሥጋም ይሁን ሽሮ። ፕሮቲኑ ሲሰባበር አሞኒያ የሚባል መርዝ ይወጣዋል፣ ጉበት እሱን ወደ ዩሪያ ይቀይረዋል፣ ዩሪያውን ከደም የሚያወጣው ደግሞ ኩላሊት ነው።

ኩላሊቶችህ በቀን 180 ሊትር ያህል ፈሳሽ ያጣራሉ። ጠቅላላ ደምህ 5 ሊትር ገደማ ሆኖ ይሄ ሁሉ ከየት መጣ ካልክ፣ ያው ፈሳሽ እየተመላለሰ ስለሚጣራ ነው። ከዚያ 99 በመቶው ወደ ደም ይመለሳል፣ ሽንት የሚሆነው 1 ሊትር ተኩል ቢሆን ነው። አፋር ላይ በላብ ውሃ ሲጎድልብህ ደምህ ይወፍራል፣ አንጎል ይሄን ያውቅና «ውሃ አታባክኑ» የሚል ሆርሞን ይልካል፣ ኩላሊትም የቻለውን ያህል መልሶ ይወስዳል። የሽንት ቢጫነት የሚመጣው ዕድሜያቸውን ጨርሰው ከፈረሱ ቀይ የደም ሴሎች ነው። ሻይ ቅጠሉ ሳይቀነስ ውሃው ሲያንስ ሻዩ እንደሚጠቁረው ማለት ነው።

ስለዚህ ኩላሊትህ አልተበላሸም፣ እየቆጠበልህ ነው። ግን ቁጠባውም ልክ አለው። የቀኑን ቆሻሻ ለማውጣት ቢያንስ ግማሽ ሊትር ያህል ሽንት ያስፈልጋል። ከዚያ ካነሰ ቆሻሻው ደም ውስጥ ይቀራል፣ ሁሌ እንዲህ ከሆነ ደግሞ የኩላሊት ጠጠር ይመጣል።

ሾፌር ውሃ የማይጠጣው ለምን እንደሆነ አውቃለሁ፣ ማን እየቆመ ይሸናል! እኔም ሚኒባስ ተሳፍሬ ረጅም መንገድ ስሄድ አልጠጣም፣ ስለዚህ አልፈርድብህም። ግን አንተ ያለኸው ሙቀት ውስጥ ነው። ጀሪካኗን ጋቢና አስገባና ከጠዋት ጀምረህ ትንሽ ትንሽ ጠጣ። ኬላ ደርሰህ ሦስት አራት ሊትር በአንዴ እንዳትገለብጥ፣ በላብ የጎደለውን ጨው የባሰ ያቀጥነዋል። ምግብ አትዝለል። በጣም ካላበህ ኦአርኤስ በጥብጠህ ጠጣ። ማታ ሠመራ ላይ የምትጠጣት ቢራ ግን ጥም አትቆርጥም፣ ያንን ሆርሞን ስለምታፍነው ሽንት ታበዛብሃለች።

አዲስ አበባ ተመልሰህ፣ በደንብ ጠጥተህና አርፈህ አሁንም ከጠቆረ፣ ወይ ከቀላ፣ ወይ ጎንህን ሰቅዞ ከያዘህ፣ ሳትውል ሳታድር ታይ። መጀመሪያ የሚጠይቁህ ያቺኑ ሽንት በዕቃ ነው።