የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ አንድ ቡድን ብቻ የሚያልፍበት የዞን ማጣሪያ

በዚህ ወር ከደረሱን ደብዳቤዎች የሚበዙት በሴቶች እግር ኳስ ማጣሪያ ላይ የሚያጠነጥኑ በመሆናቸው አምዱን ለእነርሱ ሰጥተነዋል። የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን (ካፍ) ውድድሮቹን የሚጠራው በፈረንጆቹ አቆጣጠር ስለሆነ እኛም በዚያው ሄደናል፤ «ዓ.ም.» ብለን የጻፍንበት ቦታ ብቻ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ይነበብ።

ጥያቄ፦ የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ የሴቶች ቡድን በ2021 እና በ2023 በምሥራቅ አፍሪካው የሴካፋ ዞን የሴቶች ቻምፒየንስ ሊግ ማጣሪያ ለፍጻሜ ደርሶ ባዶ እጁን ተመልሷል። በዚያው በ2021 ግን ከምዕራብ አፍሪካ ከአንድ ዞን ሁለት ቡድኖች ሲያልፉ አይተናል። በወንዶቹ ቻምፒየንስ ሊግም ከአንድ ሀገር ሁለት ክለብ ይገባል። የእኛ ሁለተኛ ብቻ ለምን ይቀራል? (ከሐዋሳ)

መልስ፦ ቅሬታዎ ይገባናል፤ ይሁንና የወንዶቹና የሴቶቹ ቻምፒየንስ ሊግ በስም እንጂ በአካሄድ አይመሳሰሉም። በወንዶቹ ውድድር ክለቦች በደርሶ መልስ ጨዋታ አንዱ ሌላውን እየጣለ ወደ ምድብ ድልድል ይደርሳሉ። ካፍ በ2020 ይፋ አድርጎ በ2021 ግብፅ ላይ ያስጀመረው የሴቶች ቻምፒየንስ ሊግ ግን ስምንት ቡድኖች ብቻ በአንድ ሀገር ተሰባስበው የሚያካሂዱት ውድድር ነው። ወደዚያ የሚያደርሰው መንገድ በስድስት ዞኖች የተከፈለ ሲሆን፣ ሰሜኑ (ዩናፍ)፣ ለሁለት የተከፈለው ምዕራቡ (ዋፉ ኤ እና ዋፉ ቢ)፣ መካከለኛው (ዩኒፋክ)፣ ደቡቡ (ኮሳፋ) እና እኛ ያለንበት ሴካፋ እያንዳንዳቸው የአባል ሀገራቱን ክለቦች አወዳድረው አንድ አሸናፊ ብቻ ይልካሉ። የቀሩት ሁለት ቦታዎች ለአስተናጋጁ ሀገር ክለብና ላለፈው ዓመት ባለዋንጫ የተጠበቁ ናቸው።

በ2021 ውድድሩ ገና መጀመሩ ስለነበር ያለፈ ዓመት ባለዋንጫ አልነበረም። ስለዚህ ትርፍ የሆነችው ቦታ በ2018 የሴቶች አፍሪካ ዋንጫን ያነሣችው ናይጄሪያ ላለችበት ዞን፣ ማለትም ለዋፉ ቢ ተሰጠች፤ በዚህም መሠረት ከጋናው ሃሳካስ ሌዲስ ጋር የናይጄሪያው ሪቨርስ ኤንጅልስ አብሮ ተጓዘ። ከዚያ ወዲህ ከአንድ ዞን ሁለት ቡድን የሚታየው አንደኛው በአስተናጋጅነት ወይም በባለዋንጫነት ሲገባ ነው። በ2024 ከደቡብ አፍሪካ ማሜሎዲ ሰንዳውንስ በባለዋንጫነት፣ የዌስተርን ኬፕ ዩኒቨርሲቲ ቡድን ደግሞ በኮሳፋ አሸናፊነት አብረው ሞሮኮ መግባታቸው ከዚህ የመጣ ነው። ስለዚህ የምሥራቅ አፍሪካ ሁለተኛ ቡድን ተለይቶ የተበደለበት ሕግ የለም፤ ከሴካፋ አካባቢ ዋንጫውን ያነሣ ክለብ ወይም የመጨረሻውን ውድድር ያስተናገደ ሀገር ባለመኖሩ ግን ያቺ ተጨማሪ በር ለእኛ ተከፍታ አታውቅም።

የንግድ ባንክን ጉዞ መለስ ብሎ የተመለከተ ሰው የዚህን አሠራር ጭካኔ በደንብ ይረዳዋል። በ2021 ኬንያ ላይ በፍጻሜው በቪሂጋ ኩዊንስ 2 ለ 1 ተሸነፈ። በ2022 ዳሬሰላም ላይ ለፍጻሜ ሳይደርስ ቀርቶ ዕድሉን የታንዛኒያው ሲምባ ኩዊንስ የኡጋንዳውን ሺ ኮርፖሬትስ 1 ለ 0 በማሸነፍ ወሰደው። በ2023 ኡጋንዳ ንጄሩ ላይ ከታንዛኒያው ጄኬቲ ኩዊንስ ጋር ያለ ግብ ተለያይቶ በመለያ ምት 5 ለ 4 ተረታ። የአሰልጣኝ ብርሃኑ ግዛው ልጆች ያለፉት በነሐሴ 2016 ዓ.ም. ማጣሪያው አዲስ አበባ ላይ ሲካሄድ የኬንያውን ፖሊስ ቡሌትስ በፍጻሜው 1 ለ 0 አሸንፈው ነው። በሌላ አነጋገር፣ አንዲት የሳተች የመለያ ምት አንድ ሙሉ ዓመት ታስከፍላለች፤ የሊጉን ዋንጫ እንደገና ማንሣት፣ እንደገና ዞኑን መጀመር ግድ ይላል።

በእኔ እምነት ቅሬታው መነሣት ያለበት ከቦታ ቁጥር ይልቅ በጨዋታ ቁጥር ላይ ነው። ዞኑ በአንድ ከተማ ተሰባስቦ በሦስት ሳምንት ውስጥ የሚያልቀው ወጪ ለመቀነስ መሆኑ የታወቀ ነው፤ ለብዙዎቹ ክለቦችም ከሌላ ሀገር ቡድን ጋር የሚገናኙበት የዓመቱ ብቸኛ አጋጣሚ ይኸው ነው። ንግድ ባንክ በ2024 ሞሮኮ ሲደርስ የተመደበው ከሰንዳውንስ፣ ከናይጄሪያው ኤዶ ኩዊንስና ከግብፁ ማሳር ጋር ሲሆን ከምድቡ ሳያልፍ ቀርቷል። «ጠንካራ ዞኖች ሁለት ሁለት ቦታ ይሰጣቸው» የሚለውን ክርክር የሚያነሡ ባለሙያዎች አሉ፤ ሆኖም የዚያን ዓመት ዋንጫ የወሰደው ብዙ ከማይወራለት ከዩኒፋክ ዞን የመጣው የኮንጎው ቲፒ ማዜምቤ መሆኑን እዚህ ላይ ማስታወስ ተገቢ ነው።

ጥያቄ፦ የስፖርት መምህር ነኝ። ተማሪዎቼ «ንግድ ባንክ ሴካፋን ሲያሸንፍ ሉሲዎቹ (የሴቶች ብሔራዊ ቡድናችን) ለዓለም ዋንጫ ተጠጉ ማለት ነው?» ብለው ጠይቀውኝ በአጥጋቢ ሁኔታ መመለስ አልቻልኩም። (ከደብረ ብርሃን)

መልስ፦ አልተጠጉም፤ የክለቦችና የብሔራዊ ቡድኖች መንገድ የትም ላይ አይገናኝም። ሉሲዎቹ የሚያልፉበት የአፍሪካ ዋንጫ ማጣሪያ በዞን ውድድር ሳይሆን ካፍ ራሱ በሚያወጣው ዕጣ፣ በደርሶ መልስ ጨዋታ የሚካሄድ ነው። ግራ የሚያጋባው ሴካፋ ለብሔራዊ ቡድኖችም የራሱ የሴቶች ዋንጫ ያለው መሆኑ ይመስለኛል፤ ኡጋንዳ በ2022 ንጄሩ ላይ ያነሣችው ያ ዋንጫ ክብር እንጂ ማጣሪያ አይደለም፤ አሸናፊው በዚያ ብቻ የትም አያልፍም።

ለዓለም ዋንጫ ደግሞ አፍሪካ እንደ አንዳንድ አህጉራት ለብቻው የተዘጋጀ ረጅም ማጣሪያ የላትም፤ ማጣሪያው የአፍሪካ ዋንጫው ራሱ ነው። በ2022ቱ የሞሮኮ ውድድር ለግማሽ ፍጻሜ የደረሱት ሞሮኮ፣ ደቡብ አፍሪካ፣ ናይጄሪያና ዛምቢያ በቀጥታ ወደ 2023ቱ የዓለም ዋንጫ ሲያልፉ፣ ካሜሩንና ሴኔጋል ከሌሎች አህጉራት ቡድኖች ጋር የጥሎ ማለፍ ዕድል ቢያገኙም አልተሳካላቸውም። ስለዚህ ሉሲዎቹ ዓለም ዋንጫን ለማየት በመጀመሪያ ለአፍሪካ ዋንጫ ማለፍ፣ ቀጥሎም እዚያ ከአራቱ ምርጥ ቡድኖች አንዱ መሆን ይጠበቅባቸዋል። ይህን አንድ ጊዜ ቀምሰውታል፤ በ2004 ደቡብ አፍሪካ ላይ አራተኛ ወጥተዋል፤ በዚያ ውድድር ግን የዓለም ዋንጫ ትኬት አልነበረበትም። ከ2012ቱ የኢኳቶሪያል ጊኒ ተሳትፎ በኋላ ደግሞ የማጣሪያው በር ሲዘጋባቸው ቆይቷል።

ለተማሪዎችዎ የሚጠቅም አንድ ምሳሌ ልጨምር። በ2021 ሉሲዎቹ ኡጋንዳ ላይ 2 ለ 0 ተሸንፈው፣ አዲስ አበባ ላይ በተመሳሳይ ውጤት አሸነፉ። በድምር ውጤት ሁለቱ እኩል ሲሆኑ በመጀመሪያ የሚታየው ከሜዳ ውጪ የተገባ ግብ ነው፤ አንዳቸውም በሰው ሜዳ ግብ ስላላገቡ ግን ወደ መለያ ምት ተኬደና ኡጋንዳ አለፈች። ቀጣዩ ተጋጣሚ ኬንያ ከውድድሩ ራሷን በማግለሏ ኡጋንዳ ተጨማሪ ጨዋታ ሳታደርግ ለአፍሪካ ዋንጫ በቃች። የዚያን ቀን አበበ ቢቂላ ስታዲየም የነበረ ሰው ይህን ሲሰማ ምን እንደሚሰማው መገመት አያዳግትም።

ከ20 ዓመት በታች ያሉት ልጆች መንገድ ደግሞ ሌላ ነው፤ እነርሱ በደርሶ መልስ ጥሎ ማለፍ በቀጥታ ለዓለም ዋንጫ ይጫወታሉ። የእኛዎቹ ለ2022ቱ የኮስታ ሪካ ውድድር እስከ መጨረሻው ዙር ተጉዘው በጋና ተሰናክለዋል። ከሦስቱ መንገዶች ለዓለም መድረክ ይበልጥ አቅርቦ ያሳየን ይኼኛው ነው ብል ማጋነን አይሆንም።

ጥያቄ፦ ሎዛ አበራ በ2024 እዚህ ለዋሺንግተኑ ክለብ ዲሲ ፓወር ስትፈርም ደስታችን ወሰን አልነበረውም። ነገር ግን በዚያው ክረምት ንግድ ባንክ አዲስ አበባ ላይ ማጣሪያ ሲጫወት ለሦስት ሳምንት ተመልሳ ማገዝ አትችልም ነበር? ለብሔራዊ ቡድን ሲሆን ይለቀቁ የለም? (ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ)

መልስ፦ አትችልም ነበር። ለብሔራዊ ቡድን የሚደረገው ጥሪ ከፊፋ የቀን መቁጠሪያ ጋር የተያያዘ ነው፤ በዚያ ውስጥ በተያዙት ቀናት ክለብ ተጫዋቹን የመልቀቅ ግዴታ አለበት። የዞን ማጣሪያው ግን የክለቦች ውድድር ነው፤ ለአንድ ክለብ የተመዘገበች ተጫዋች በዚያው ጊዜ ለሌላ ክለብ መሰለፍ አትችልም። በ2021ዱ የኬንያ ማጣሪያ ኮከብ ግብ አግቢ የነበረችው ሎዛ ከዚያ ቀደም በማልታው ቢርኪርካራ የሊጉን የግብ አግቢነት ክብር ጭምር ያገኘች ተጫዋች ስለሆነች፣ የእርሷን ቦታ መሙላት ቀላል እንዳልነበረ ግልጽ ነው። ያም ሆኖ ቡድኑ በመጨረሻ ያለፈው ያለ እርሷ መሆኑን ስናይ፣ በሊጉ ውስጥ ከአንድ ስም ጀርባ ተሸፍነው የቆዩ ተጫዋቾች እንደነበሩ እንረዳለን።

ጥያቄ፦ ዋልያዎቹ (የወንዶች ብሔራዊ ቡድናችን) «የሜዳቸውን» ጨዋታ ሰው ሀገር ሄደው ሲጫወቱ፣ የሴቶቹ ማጣሪያ አበበ ቢቂላ ስታዲየም የተካሄደው በምን ሕግ ነው? (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ ካፍ ለሁሉም ውድድር አንድ ዓይነት መለኪያ አይጠቀምም። ለወንዶች የዓለም ዋንጫና የአፍሪካ ዋንጫ ማጣሪያ የሚጠየቀው የመቀመጫ፣ የመብራት፣ የመልበሻ ክፍልና የመገናኛ ብዙኃን አገልግሎት ደረጃ ከፍ ያለ ሲሆን፣ ለዞን ማጣሪያና ለክለቦች የመጀመሪያ ዙሮች ዝቅ ይላል። በዚያው ክረምት የንግድ ባንክ ወንዶች ቡድንም በአፍሪካ ቻምፒየንስ ሊግ የመጀመሪያ ዙሮች የኡጋንዳውን ኤስሲ ቪላንና የታንዛኒያውን ያንግ አፍሪካንስን ያስተናገደው እዚያው ነበር። ስለዚህ ስታዲየሙ የተፈቀደው ለሴቶች በተደረገ ልዩ አስተያየት አይደለም። የአዲስ አበባ ስታዲየም እድሳት ሲራዘም ሴቶቹ የተሻለ ሜዳ የማግኘታቸው ነገርም አብሮ ሲራዘም መቆየቱን ግን መካድ አይቻልም።

ጥያቄ፦ በሴካፋ ማጣሪያ ታንዛኒያ ብቻዋን ሁለት ቡድን ታሰልፋለች። ይህ አድልዎ አይደለምን? (ከጅማ)

መልስ፦ ሁለተኛው ቡድን የዛንዚባር ነው። ዛንዚባር በፖለቲካ የታንዛኒያ አካል ብትሆንም የራሷ እግር ኳስ ፌዴሬሽንና የራሷ ሊግ አላት፤ ከሴካፋ አሥራ ሁለት አባላትም አንዷ ነች። ካፍ በ2017 መጋቢት ወር ሙሉ አባል አድርጎ ከተቀበላት በኋላ በዚያው ዓመት ውሳኔውን ቢሽርም፣ ክለቦቿ በአህጉሪቱ ውድድሮች መሳተፋቸውን አላቋረጡም። ዞኑን አሸንፈው ለቻምፒየንስ ሊግ የደረሱት ሲምባ ኩዊንስም ሆነ ጄኬቲ ኩዊንስ ግን ሁለቱም ከዋናው ምድር ታንዛኒያ ናቸው።