ለሬይኒንግ ፈረስ ገንዘብ ልታዋጡ ላሰባችሁ ወጣቶች

ውድ ወጣቶች፣

በዳላስ አካባቢ የሚኖር አንድ ወጣት ወንድማችን ሰሞኑን ከሦስት ጓደኞቹ ጋር ገንዘብ አዋጥቶ የአንድ ዓመት ዕድሜ ያለው የሬይኒንግ ፈረስ ለመግዛት እንዳሰበ ነገረኝና፣ «ጋሼ፣ አንደኛ የሚወጣው መቶ ሺህዎች የሚወስድ ከሆነ ለምዝገባ የሚከፈለው ጥቂት ሺህ ዶላር ምን ያስጨንቃል?» ብሎ ጠየቀኝ። ጥያቄው የጨዋ ልጅ ጥያቄ ነው። ነገር ግን ይህንኑ ጥያቄ ከብዙ ዓመታት በፊት ከሌላ ሰው አፍ ሰምቼው ስለነበር፣ እስከ ዛሬ ያልወጣልኝን ጸጸት ቀሰቀሰብኝ፤ መልሱንም ለእርሱ ብቻ ከምነግረው ለሁላችሁም ልጽፈው ወሰንኩ።

እኔ የሒሳብ ባለሙያ ነኝ። ከዳላስ በስተሰሜን፣ በኦብሪና በፓይለት ፖይንት አካባቢ ላሉ የፈረስ ባለቤቶችና አሠልጣኞች መዝገብ ስይዝና ግብር ስሠራ ኖሬአለሁ። ስለ አጋላለብ የምነግራችሁ አንዳች ነገር የለኝም፤ የምጽፍላችሁ ስለ ገንዘቡ ብቻ ነው።

ሬይኒንግ የተባለውን የፈረስ ስፖርት ለማታውቁት ባጭሩ፦ ፈረሰኛው ብቻውን ወደ ሜዳ ገብቶ አስቀድሞ የተወሰነ ቅደም ተከተል ይፈጽማል። ፈረሱ በክብ ይጋልባል፣ በቆመበት በፍጥነት ይሽከረከራል፣ በሙሉ ኃይሉ ሮጦ በኋላ እግሮቹ እየተንሸራተተ ይቆማል። እያንዳንዱ ዳኛ ከ70 ነጥብ ይነሣና ለእያንዳንዱ እንቅስቃሴ በግማሽ ነጥብ ልዩነት እስከ አንድ ተኩል ይጨምራል ወይም ይቀንሳል። ብሔራዊ የሬይኒንግ ፈረስ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1966 ኦሃዮ ውስጥ ሲመሠረት፣ ዕድሜያቸው ሦስት ዓመት ለሆነ ፈረሶች የሚዘጋጀው ፊዩቹሪቲ የተባለው ውድድርም ለመጀመሪያ ጊዜ በዚያው ዓመት በኮሎምበስ ተካሂዶ ዴል ዊልኪንሰን ፖኮሮቺ ቦ በተባለ ፈረስ አሸነፈ። ውድድሩ ከ1986 ጀምሮ ኦክላሆማ ሲቲ ነው። ፈረስ በሕይወቱ ሦስት ዓመት የሚሆነው አንድ ጊዜ ብቻ ስለሆነ ያ ዓመት ካመለጠ ፊዩቹሪቲው አመለጠ ማለት ነው፤ ገንዘብ የሚያስወጣው ጥድፊያ ሁሉ የሚመጣውም ከዚህ ነው።

በማስታወቂያ ላይ በትልቁ የሚጻፈው ጠቅላላ ሽልማት በአብዛኛው ከሁለት ምንጭ ይሰበሰባል። አንዱ አዘጋጁና ስፖንሰሮች የሚጨምሩት ገንዘብ ነው፤ ሌላው ባለፈረሶቹ ራሳቸው የሚከፍሉት የመግቢያ ክፍያ ነው፤ ከዚህኛው ላይ አዘጋጁ ለወጪው የሚያስቀረው ድርሻ አለ። የዳኛ፣ የጽሕፈት ቤት፣ የጋጣና የሰጋቱራ ክፍያ ለብቻው ይጠየቃል። እንግዲህ ከሽልማቱ ውስጥ ብዙው የእናንተና የመሰሎቻችሁ ገንዘብ ነው፤ እንደ እቁብ ተሰብስቦ፣ ነገር ግን ዕጣው ለሁሉም ሳይደርስ ለጥቂቶች የሚከፈል።

ከመግቢያ ክፍያው በፊት ደግሞ የእጩነት ምዝገባ አለ፤ ወጣቱ ወንድማችን «ጥቂት ሺህ» ያለው ይህንን ነበር። አሠራሩ ከፕሮግራም ፕሮግራም ቢለያይም መሠረቱ አንድ ነው። የድንጉላው ባለቤት በየእርባታው ዘመን ክፍያ ከፍሎ ድንጉላውን ያስመዘግባል፤ በዚያ ዘመን ከእርሱ የተፀነሱት ውርንጭሎች በፕሮግራሙ ለመወዳደር ብቁ ይሆናሉ። በአንዳንዱ ፕሮግራም ውርንጭላው ራሱም መመዝገብ ይኖርበታል፤ ክፍያው በተወለደበት ዓመት አነስተኛ ሆኖ ዕድሜው በጨመረ ቁጥር ይንራል። እ.ኤ.አ. በ1998 የጀመረውና ለረጅም ዓመታት በቴክሳስ ኬቲ ከተማ ሲካሄድ የኖረው ብሔራዊ የሬይኒንግ አርቢዎች ክላሲክ የቆመው በዚሁ ሐሳብ ላይ ነው፦ ድንጉላው የተመዘገበለት ፈረስ ይወዳደራል፣ ከድንጉላ ባለቤቶች የተሰበሰበውም ክፍያ ሽልማቱን ያሳድጋል። ይህን አሠራር አልነቅፈውም። ለአርቢው የሚከፍል ስፖርት አርቢ አያጣም፤ ሽልማቱ ለዚህ ደረጃ የበቃውም በዚሁ ዘዴ ጭምር ነው። ችግሩ ክፍያው ገና ላልተወለደ ፈረስ የሚከፈል መሆኑ ነው፤ ከሁለትና ከሦስት ዓመት በኋላ ፈረሱን የሚገዛው ሰው ክፍያው በተፈጸመበት ጊዜ በቦታው አልነበረም።

አሁን ወደ ጸጸቴ ልመለስ። ሰላሌ ተወልዶ ያደገ፣ አባቱ በየጥምቀቱ ጉግስ ሲጫወቱ እያየ ፈረስ የወደደ አንድ ደንበኛ ነበረኝ። ከባለቤቱ ጋር ነዳጅ ማደያ ያስተዳድሩ ነበር፤ ጠንካራ ሠራተኞች ነበሩ፣ ሌሊት የሚሠራ ሰው ሲያጡ እርሷ ራሷ ታድር ነበር። ፈረስ ለእርሱ የባላገርነቱ ክብር ነበር። ነገሥታትና መኳንንት በፈረሳቸው ስም ከሚጠሩበት አገር፣ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ባልቻ አባ ነፍሶ ከተባሉበት አገር የመጣን ሰዎች ፈረስን በዋጋው ብቻ ማየት ይከብደናል፤ እርሱም ይህን ደጋግሞ ይነግረኝ ነበር። አንድ መኸር ከጨረታ አንድ ዳማ ውርንጭላ ገዛ። ደስ ብሎት ደወለልኝ፤ የድንጉላውን ስም ነገረኝ፤ የድንጉላው ልጆች ስንት እንዳሸነፉም በቃሉ ያውቀው ነበር።

ወረቀቱ እኔ እጅ የገባው በሚቀጥለው የግብር ወቅት፣ ከሌሎች ደረሰኞች ጋር ነው። የጨረታ ካታሎግ ገጽ አይታችሁ ከሆነ፣ የአባቱ ስም በደማቅ ከላይ ይጻፋል፣ የእናቱና የአያቱ ልጆች ያሸነፉት ገንዘብ በተርታ ይዘረዘራል፤ ከግርጌ በኩል በደቂቃ ፊደል ፈረሱ የተመዘገበባቸው ፕሮግራሞች ይጠቀሳሉ። በእርሱ ገጽ ላይ ከግርጌ ምንም አልነበረም። መስመሩ የሚገኝበት ቦታ ባዶ ነበር። ያን ጊዜ ዝርዝሩን ስናጣራ፣ ድንጉላው በዚያ የእርባታ ዘመን ከአንድ ባለቤት ወደ ሌላ ተላልፎ ኖሮ ሁለቱም የዚያን ዓመት ክፍያ ሳይከፍሉ ቀርተዋል። ከዚያ በፊት የተወለዱት ወንድሞቹ ብቁ ናቸው፤ ከዚያ በኋላ የተወለዱትም ብቁ ናቸው፤ የእርሱ ብቻ የለም። ሻጩ በቃል «ለሁሉም ብቁ ነው» ብሎት ነበር። በጽሑፍ ያለው ግን ምንም አልነበረም።

መፍትሔው ዘግይቶ የሚከፈለው ክፍያ ነበር፤ 5,000 ዶላር። ባልና ሚስቱ አንድ ሳምንት ተነጋግረውበት ከፈሉ። ከዚያ ለፊዩቹሪቲው መግቢያ በየጊዜው የሚከፈለው መጣ፤ ቀኑ ባለፈ ቁጥር ቅጣቱ ይጨምራል፣ የተከፈለው ደግሞ ፈረሱ ቢያነክስ እንኳን አይመለስም፤ እርሱም 3,200 ዶላር ደረሰ። በየወሩ ለአሠልጣኙ የሚከፈለው ሳይቋረጥ ይቀጥላል።

ፈረሱ ጎበዝ ነበር። ይህን የምለው ስለ ፈረስ አውቃለሁ ብዬ ሳይሆን በዓይኔ ስላየሁት ነው። በመጀመሪያው ዙር ቀን የፈረሱ ባለቤት አጠገቡ አስቀምጦኝ ነበር። ዳማው ከሜዳው ጫፍ ተነሥቶ ሲመጣ ጆሮዎቹ ወደ ፊት ነበሩ፤ ፈረሰኛው ቃሉን ሲሰጠው ወገቡን አጠፈና የኋላ እግሮቹ በሰፋፊ ጫማቸው ላይ ተንሸራተቱ፣ የፊት እግሮቹ መራመዳቸውን አላቆሙም፣ ከኋላው ሁለት ትይዩ መስመር አፈሩ ላይ ቀረ። ወዳጄ እጄን ጨብጦ ዝም አለ። ለፍጻሜው አለፈ፤ ከፍጻሜውም ከኋለኞቹ ደረጃዎች በአንዱ ተሸልሞ 8,400 ዶላር አገኘ።

ቼኩን ይዞ ቢሮዬ ሲመጣ ባለቤቱም አብራው ነበረች፤ ቡናም ይዘው መጥተዋል። «አተረፍን፣ አይደል?» አለኝ። አስልቼ ነገርኩት። በስምምነታቸው መሠረት የአሠልጣኙ 20 በመቶ ሲነሣ 6,720 ይቀራል፤ የዘገየው ምዝገባ ሲነሣ 1,720፤ የመግቢያው ሲነሣ ከዜሮ በታች 1,480። ይህም የሥልጠናው፣ የሐኪሙና የፈረስ ጫማው ወጪ ሳይታሰብ ነው። በወር 1,500 ዶላር ብቻ ብታስቡት እንኳን፣ በሁለት ዓመት ሥልጠና 36,000 ዶላር ነው። እርሷ ወረቀቱን ተቀብላ አነበበች። እርሱ ግን የሚያየው ቼኩን ነበር። «በመጀመሪያው ፈረስ ፍጻሜ ከገባን በሁለተኛው እናሸንፋለን» አለ፤ በዚያው ዓመት ሁለት ውርንጭላ ጨመረ።

እነዚያ ሁለቱ የትም አልደረሱም። ማደያው ተሸጠ፤ ዳማውም ተሸጠ፤ ቤተሰቡ ወደ ሌላ ስቴት ሄደ። ያ ቼክ ባይመጣ ኖሮ ብዬ እስከ ዛሬ እቆጫለሁ። ፈረሱ በመጀመሪያው ዙር ቢወድቅ ኖሮ ወዳጄ አዝኖ ይተወው ነበር፤ በ8,400 ዶላር ግን ተስፋ ገዛ። ሰዎች ተሸናፊነት ያከስራል ይላሉ፤ እኔ በሥራዬ ያየሁት ትንሽ አሸናፊነት ከዚያ ይበልጥ እንደሚያከስር ነው።

ወደ ዘመናችሁ ስመጣ፣ ነገሩ ከባድ የሆነባችሁ ይመስለኛል፤ ምክንያቱም የምታዩት ቁጥር በጣም ትልቅ ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 ላስ ቬጋስ ውስጥ የተጀመረው ራን ፎር ኤ ሚሊዮን የተባለው የሬይኒንግ ውድድር ለአንደኛ 500,000 ዶላር አዘጋጅቶ፣ ኬድ ማካቸንና ክሬግ ሽመርሳል በእኩል ነጥብ ስለጨረሱ የአንደኛውንና የሁለተኛውን ሽልማት ተካፍለው እያንዳንዳቸው 375,000 ዶላር ወሰዱ። ብዙዎቻችሁ ይህን ቪዲዮ አይታችኋል። ነገር ግን ያ ውድድር የሚጠራው ፈረሰኛውን ነው፤ በብቃቱ ለቦታው የደረሰ ፈረሰኛ ሊጋልበው የፈለገውን ፈረስ ይዞ ይቀርባል። እናንተ የምትገዙት ውርንጭላ የሚጓዘው በሌላ መንገድ ነው፣ በዕድሜና በምዝገባ። ፈረሰኛው ሾን ፍላሪዳ በሽልማት ከ6 ሚሊዮን ዶላር በላይ ማግኘቱም እውነት ነው፤ ይሁን እንጂ ያ ገንዘብ ዕድሜ ልኩን በብዙ ባለቤቶች ብዙ ፈረሶች ላይ ያገኘው እንጂ የአንድ ፈረስ ታሪክ አይደለም። የዛሬ ወጣቶች ከእኛ ይልቅ መረጃ ፈጥናችሁ ታገኛላችሁ፤ ግን የደንብ መጽሐፍ የሚያነብ ከመካከላችሁ ጥቂት ነው። ሃያ ገጽ ለማንበብ ትዕግሥት የሌለው ሰው በሃያ ሺህ ዶላር ለመፍረድ ሲቸኩል ሳይ አዝናለሁ። በመጠየቅ ግን ከእኛ ትበልጣላችሁ፤ እኛ አዋቂ መስለን ለመታየት ስንል አንጠይቅም ነበር።

ስለ ግብሩ አንድ ነገር ብቻ ልበል፣ ሌላውን ሒሳብ ሠሪያችሁ ይነግራችኋል። የአሜሪካ ሕግ ፈረስ ማርባት፣ ማሠልጠንና ማወዳደር ከተከታታይ 7 ዓመታት በ2ቱ ትርፍ ካሳየ ለትርፍ የሚሠራ ነው ብሎ ይገምታል። ካላሳየ ማስረዳቱ በእናንተ ላይ ይወድቃል። መዝናኛ ነው ከተባለ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ2018 ወዲህ ወጪውን ከገቢ መቀነስ አይቻልም፤ ሽልማቱ ግን ሙሉ በሙሉ ገቢ ሆኖ ይታሰባል። ስለዚህ ለፈረሱ የራሱ የባንክ ሒሳብ ይኑረው፤ አራት ሆናችሁ ስትገዙም ማን ስንት እንደከፈለ፣ አንዱ መክፈል ቢያቅተው ድርሻው ምን እንደሚሆን ፈረሱ ከመገዛቱ በፊት በጽሑፍ ተፈራረሙ። አበሻ ለአበሻ መፈራረም ነውር የሚመስላቸው አሉ። ጓደኝነታችሁን የሚያቆየው እርሱ ነው።

የፈረስ ፍቅራችሁን ከሒሳቡ ለዩት ስል ብዙ ጊዜ እመክራለሁ። ሆኖም ይህን ስጽፍ ሐሳቤ ተለወጠ መሰለኝ፦ ፈረስ የማትወዱ ከሆነ ከነጭራሹ አትግቡበት፤ በገንዘብ ብቻ ለሚያስብ ሰው ከዚህ የሚሻል ሌላ ብዙ ሥራ አለ። ወዳጄ ስለ ሌላው ሁሉ ሲያማርር ሰምቼዋለሁ፤ በዳማው ግን አንድም ቀን አላማረረም። ባለፈው ዓመት ደውሎልኝ ስለ ልጆቹ ከነገረኝ በኋላ፣ ፈረሱ አሁን የማን እንደሆነ አጣርቼ እንድነግረው ጠየቀኝ።

ለጠየቅኸኝ ወንድሜ መልሴ ይህ ነው። ሻጩ «ብቁ ነው» ካለህ፣ የድንጉላውን ስም፣ የእርባታውን ዘመንና የውርንጭላውን የምዝገባ ቁጥር ይዘህ ልትወዳደርባቸው ወደምታስባቸው ፕሮግራሞች ጽሕፈት ቤት ሁሉ ጻፍና መልሱን በጽሑፍ ተቀበል። ያልተከፈለ ነገር ካለ፣ ዘግይቶ የሚከፈለው ስንት እንደሆነ አስጠይቀህ ከፈረሱ ዋጋ ላይ ይቀነስልኝ በል፤ ሻጩ ካልተስማማ ሌላ ውርንጭላ ፈልግ። የመግቢያ ክፍያዎቹን ቀናት ከአራታችሁ አንዱ ብቻ ሳይሆን ሁላችሁም ያዙ። እስከ መጨረሻው ቀን ያለውን ወጪ ሽልማት ዜሮ ነው ብላችሁ ደምሩት፤ ድምሩን ለየቤተሰባችሁ ሳትደብቁ ማሳየት ከቻላችሁ፣ ወረቀቱን ይዛችሁ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ቢሮዬ ኑ፤ አብረን እናየዋለን።