ቅንጬ አረምን ሳያብብ ለዩት

በራያ ቆቦ፣ በሀብሩ፣ በቃሉና በባቲ ለተመደባችሁ ወጣት የግብርና ባለሙያዎች፤

ፓርቲኒየምን፣ እኛ ቅንጬ አረም የምንለውን፣ ነጭ አበባውን አይቶ የማይለየው ገበሬ በቆላው የለም። ችግሩም እዚሁ ላይ ነው፤ አበባው ሲታይ ረፍዷል። አረሙ ከበቀለ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ባለው ጊዜ ያብባል፤ በደንብ ያደገ አንዱ ብቻ ከ15,000 በላይ ዘር ሊያራግፍ ይችላል። ስለዚህ ገበሬው ዘንድ ስትሄዱ «አባባ፣ ገና ያላበበውን ያሳዩኝ» በሉ። ማሳየት ካቃታቸው ሥራችሁ ከዚያ ይጀምራል።

ዝናብ በጣለ በ10 ወይም በ15 ቀን ጎንበስ ብላችሁ ፈልጉት። የመጀመሪያዎቹ አንድ ሁለት ቅጠሎች ጠርዛቸው ስላልተሰነጠቀ ያታልላሉ። ቀጥለው የሚመጡት ግን እስከ መሃል አጥንታቸው ድረስ የተሰነጣጠቁ፣ ፈዘዝ ያለ አረንጓዴ፣ ስስ ጸጉር የለበሱ ናቸው። ከአንድ እምብርት ወጥተው ዙሪያውን መሬት ላይ ይነጠፋሉ። በዚህ ዕድሜው ብዙ ሰው አሪቲ ይመስለዋል፤ አሪቲ ግን ወደ አመድማ ያደላል፣ ሽታውም ከሩቅ ይጣራል። ለማሽተት ብላችሁ ቅንጬን በባዶ እጅ እንዳታሹት። ጨጎጊት ደግሞ ቅጠሉን ጥንድ ጥንድ አድርጎ ፊት ለፊት ያወጣል፤ የቅንጬ ቅጠል ግንዱ ላይ አንድ በአንድ እየተፈራረቀ ነው የሚወጣው። ግንዱ ሲነሳ ከላይ እስከ ታች ቦይ ቦይ የሆነ መስመር አለው፣ ወደ ጫፉም በብዛት ይቀናጠባል።

አበባው ከ5 ሚሊ ሜትር ብዙም አይሰፋም። መሃሉም ዳሩም ነጭ ነው፣ ዳር ላይ አምስት ጥቃቅን ጫፎች አሉት፤ እያንዳንዱ የአበባ ራስ አምስት ዘር ይይዛል። ጓሮ ውስጥ የሚበቅል ሌላ አጭር አረምም ዳር ላይ አምስት ነጭ ጫፎች አሉት፣ መሃሉ ግን ቢጫ ነው፤ እሱን ከዚህኛው ጋር እያምታቱ የሚመዘግቡ አሉ።

የት ትፈልጉት? ማሳው መሃል አትጀምሩ። መንገድ ዳር፣ የመስኖ ቦይ አፋፍ፣ ለግንባታ የተራገፈ አሸዋ፣ አውድማ፣ ወፍጮ ቤት አካባቢ፣ ከብት የረገጠውና ሣሩ ያለቀበት ግጦሽ ቀድመው ይያዛሉ። በ77ቱ ድርቅ ዘመን ከእርዳታ እህል ጋር እንደገባ በሰፊው ይነገራል፤ ዛሬ ግን የሚያዛምተው ጎርፉ፣ የመኪና ጎማ ጭቃና ከቦታ ቦታ የሚጫነው ገለባ ነው።

ንቀላው መሬቱ እርጥብ ሳለ ይሁን። ከሥሩ አጠገብ ያዙና ቀጥ አድርጋችሁ ሳቡ፤ አንገቱ ላይ ከተበጠሰ መልሶ ያቆጠቁጣል። ማጨድ የማይበጀውም ለዚሁ ነው፤ ከታጨደ በኋላ ዝቅ ብሎ ያብባል፣ ያኔ ማጭዱም አያገኘው። ጓንት አድርጉ፣ ክንዳችሁን ሸፍኑ። አረሙ ውስጥ ያለው ንጥረ ነገር ቆዳን ያሳክካል፣ ያቆስላል፤ ብናኙ አስም ያስነሳል። አስም ያለበትን ሰው ለዚህ ሥራ አታሰማሩ፣ በተለይ አበባ ካለ።

ያበበውን በማዳበሪያ ከረጢት ሰብስባችሁ፣ ከማሳ ርቆ ጠጣር መሬት ላይ አድርቃችሁ አቃጥሉት። ብስባሽ ጉድጓድ ውስጥ አይጣል፣ ለመጥረጊያ አይታሰር፣ ለከብትም አይሰጥ፤ የበላች ላም ወተቷ ይመርራል። ዘር ያፈሰሰውን ማረስም ቢሆን ዘሩን መቅበር ነው፤ አፈር ውስጥ ለዓመታት ሳይሞት ይቆያል።

በምሥራቅ ኢትዮጵያ በተደረገ የመስክ ጥናት፣ ወቅቱን ሙሉ ሳይታረም የቀረ ማሽላ ከ40 እስከ 97 በመቶ ምርቱን አጥቷል። ይህን ቁጥር ለገበሬው ከመናገር ይልቅ ያልታረመ አንድ ቁራጭ መሬት ማሳየት የተሻለ ይሠራል እላለሁ።

አንድ ጊዜ ነቅላችሁ ጨረስን አትበሉ። እርጥበት ካገኘ በማንኛውም ወር ይበቅላልና በየ3 ሳምንቱ ያንኑ ቦታ ተመለሱበት፤ የተራቆተው ግጦሽ ላይ ሣር ካልያዘ ግን ምልልሱ አያልቅም። የተጠራጠራችሁትን ተክል የታችኛው ቅጠል ሳይቀር በጋዜጣ መሃል አድርቃችሁ፣ ቀበሌውንና ቀኑን ጽፋችሁ ወደ ሲሪንቃ ግብርና ምርምር ማዕከል ላኩ። ፎቶ ከሆነም አበባውን ብቻ አታንሱ፤ ቅጠሉ ግንዱ ላይ እንዴት እንደተያያዘ የማያሳይ ፎቶ ለሚለየው ሰው ብዙም አይረዳውም።