ወግ አጥባቂ ሆኖ ለመብት መከራከር ይጋጫል?

«ሪፐብሊካን እየመረጥክ ስለ ስልክ ጠለፋ መጮህ አይጋጭም ወይ?» ላልከው፣ በኔ በኩል ጭራሽ አይጋጭም። ግብር ሲሰበስብ የማላምነውን መንግሥት መልእክቴን ሲበረብር ለምን ልመነው?

ነገሩ በፓርቲም አይከፈልም። እ.ኤ.አ. በ2001 የመንግሥትን የስለላ ሥልጣን ያሰፋውን ፓትሪዮት አክት የተባለውን ሕግ በአሜሪካ ሴኔት የተቃወመው አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ ዴሞክራቱ ረስ ፋይንጎልድ። በኤፕሪል 2024 ደግሞ ኤፍቢአይ (የአሜሪካ ፌደራል ምርመራ ቢሮ)፣ የውጭ ሰው ሲሰለል አብሮ የተጠለፈ የአሜሪካዊ መልእክት ለመፈለግ የፍርድ ቤት ማዘዣ ያውጣ የሚል ማሻሻያ ለተወካዮች ምክር ቤት ቀረበ። 212 ለ212! እኩል ስለወጣ ወደቀ። ከደጋፊዎቹ 128ቱ ሪፐብሊካን፣ 84ቱ ዴሞክራት ነበሩ። የኛው አፈ ጉባኤ ማይክ ጆንሰን ባይቃወሙ ኖሮ ያልፍ ነበር። ይሄ እስካሁን ያንገበግበኛል። ፓርቲዬን ግን አልቀየርኩም፤ በግብርና በመንግሥት ወጪ ጉዳይ ሌላው ወገን አይመቸኝም።