ሞንቴቬርዲ በአራት መሣሪያ ይሆናል?

ጥያቄ፦ የባሮክን ዘመን (ከ1600 እስከ 1750 እ.ኤ.አ. ገደማ) ኦፔራ ዳግም ለመድረክ ካበቁት ቀዳሚዎች አንዱ፣ የኦርኬስትራ መሪው ኒኮላውስ ሃርኖንኩር ያረፈው የካቲት 26 ቀን 2008 ዓ.ም. ነው። ዕለቱን በኮንሰርት ልናስበው አስበናል። ያለን 2 ቫዮሊን፣ 1 ቼሎ፣ ኪቦርድ፣ አንዲት ሶፕራኖና አንድ ቴነር ነው። ከዚያ ዘመን ጣሊያናዊ አቀናባሪ ከሞንቴቬርዲ ምን እንጫወት? ቅኝቱን ዛሬ ከተለመደው 440 ሄርትዝ ወደ 415 ማውረድስ ግድ ነው?
(የሙዚቃ ክበብ አባላት፣ ከዚራ፣ ድሬዳዋ)

መልስ፦ ያላችሁ ይበቃል። የሞንቴቬርዲ ኦፔራ «የፖፔያ ዘውድ መድፋት» (ቬኒስ፣ 1643 እ.ኤ.አ.) የተረፈው በሁለት የእጅ ጽሑፎች ሲሆን፣ አብዛኛው ገጽ ላይ የሰፈረው የዘፋኙ መስመርና ባሱ ብቻ ነው። የቀረውን የሚሞላው ተጫዋቹ ነው። ቼሎው ባሱን ይያዝ፤ ኪቦርዱ በሀርፕሲኮርድ (ክሩን እየነጠቀ በሚጫወተው የጥንት ኪቦርድ) ድምፅ ኮርዱን ከታች ወደ ላይ እየበተነ ይከተል፤ ፔዳሉን ንቀሉት። ቫዮሊኖቹ በመሸጋገሪያዎቹ ብቻ ይግቡ። ዘፋኙ በንግግር ዜማ ሲተርክ ከተጫወቱ ቃሉን ይውጡታል፤ ጀማሪ ቡድን አብዛኛውን ጊዜ የሚበላሸውም እዚህ ላይ ነው።

ለመዝጊያ የሮማው ንጉሠ ነገሥት የኔሮንና የፍቅረኛው የፖፔያን ዱየት (የሁለት ዘፋኞች ዘፈን) ምረጡ። ባሱ ሶል፣ ፋ ሻርፕ፣ ሚ፣ ሬ እያለ የሚወርድ ስለሆነ በቶሎ ይጠናል። ችግሩ ድምፁ ላይ ነው፤ ሁለቱም መስመሮች የተጻፉት ለከፍተኛ ድምፅ ስለሆነ ቴነር አንድ ኦክታቭ ዝቅ ብሎ ሲዘፍን፣ ተጠጋግተው የሚፋተጉት ድምፆች ይራራቁና ጣዕሙ ይላላል። ሃርኖንኩር በድምፅ ቅጂው ኔሮንን ለሶፕራኖ ኤሊዛቤት ሶደርስትሮም፣ በዙሪክ መድረክ ደግሞ ለቴነር ኤሪክ ታፒ ሰጥቷል። ሁለተኛ ሴት ዘፋኝ ካገኛችሁ እኛ የመጀመሪያውን እንመርጣለን። ዱየቱ የሌላ አቀናባሪ ነው የሚሉ ብዙ አጥኚዎች ስላሉ በፕሮግራሙ ላይ «ለሞንቴቬርዲ የሚሰጥ» ብላችሁ አትሙ።

ቅኝቱን ማውረድ ግድ አይደለም። 415 የዛሬ ሙዚቀኞች ለባሮክ የተስማሙበት ልክ ነው እንጂ፣ በሞንቴቬርዲ ቬኒስ ቅኝቱ እንዲያውም ከ440 ከፍ ይል ነበር። ሶፕራኖዋ ላይ ከከበደ ግን አውርዱት። ኪቦርዱን በትራንስፖዝ (ድምፁን በሚያወጣና በሚያወርደው ቁልፍ) አንድ ግማሽ ቃና ወደታች ማድረግ ብቻውን 415 ይሰጣችኋል፤ በዚያ ላይ የቅኝት ቁጥሩንም 415 ካላችሁት ሁለት ግማሽ ቃና ወርዶ ከቫዮሊኖቹ ጋር ይጣላል። የቫዮሊኑንና የቼሎውን ክሮች ከ3 ቀን በፊት፣ ተራ በተራ፣ ጥቂት ጥቂት እያላችሁ አላሉ። ሁሉንም ባንዴ ከፈታችኋቸው ብሪጁ (ክሮቹን የተሸከመው እንጨት) ሊወድቅ፣ በሆዱ ውስጥ የቆመችው ደጋፊ እንጨትም ልትነቀል ትችላለች። እንደ ጥንቱ እንዲሆን ብላችሁ የአንጀት ክር ፍለጋ አትድከሙ። አየሩ በተለወጠ ቁጥር ቅኝቱ እንደሚሸሽ በገና ደርዳሪ ሁሉ ያውቃል፤ በድሬ ሙቀት ደግሞ በየዘፈኑ መሃል ስትቃኙ ታመሻላችሁ።

ፕሮግራሙን ከምሽቱ 1 ሰዓት በኋላ ጀምሩ። ቬንቲሌተሩን ሰው ሳይገባ አስቀድማችሁ አዙሩት፤ ሙዚቃው ሲጀመር ይጥፋ፣ ድምፁ ሀርፕሲኮርዱን ይሸፍነዋል፣ ኖታውንም ይበትነዋል። ንግግሩ ከ3 ደቂቃ አይለፍ፤ ሃርኖንኩር የቪየና ሲምፎኒ ቼሎ ተጫዋች እንደነበር፣ በ1953 እ.ኤ.አ. ከባለቤቱ ከአሊስ ጋር በጥንት መሣሪያዎች የሚጫወተውን ኮንሴንቱስ ሙዚኩስ የተባለ ቡድን እንዳቋቋመ፣ ከ1975 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዙሪክ ከመድረክ አዘጋጁ ከዣን ፒየር ፖኔል ጋር የሞንቴቬርዲን ኦፔራዎች እንዳቀረበ መናገር ይበቃል። የተረፈውን ጊዜ ለግጥሙ የአማርኛ ትርጉም አውሉት። በወረቀት አባዝታችሁ በር ላይ አድሉ፤ ታዳሚው እንዲያነብም የአዳራሹን መብራት አታጥፉ።