ማርሻልስ ከመግባታችሁ በፊት

አገር ቤት የምትሄዱ ወገኖቼ ሻንጣችሁ ከየት እንደሚሞላ አውቃለሁ። የታወቁ ብራንዶችን በርካሽ ከሚሸጡት የአሜሪካ ሱቆች፦ ማርሻልስ፣ ሮስ፣ ቲጄ ማክስ፣ በርሊንግተን። አውሮፓ ያላችሁ ደግሞ ቲኬ ማክስ። ክፋት የለውም፣ እኔም ደንበኛ ነኝ። ግን ሱቁ እንዴት እንደሚያተርፍ ያወቀ ሰው ገንዘቡ ዝም ብሎ አይበላም።

ማርሻልስን አልፍሬድ ማርሻል የሚባል ሰው ነው በ1956 እ.ኤ.አ. ማሳቹሴትስ ውስጥ፣ ቤቨርሊ ከተማ የከፈተው። በ1976 ዜይር የሚባል ኩባንያ ማርሻልስን ሊገዛ ፈልጎ አልተሳካለትም። ሱቁን ሲያጣ ሰውየውን ወሰደ። ማርሻልስ ውስጥ ይሠራ የነበረውን በርናርድ ካማራታን ቀጠረና ተመሳሳይ ሱቅ እንዲያቋቁም አደረገ። በ1977 የመጀመሪያዎቹ ሁለት የቲጄ ማክስ ሱቆች እዚያው ማሳቹሴትስ፣ ኦበርንና ዉስተር ላይ ተከፈቱ። በ1988 ዜይር በስሙ የሚጠሩትን ሱቆች ሸጦ ተገላገለ። ልጅየው፣ ማለትም የቲጄ ማክስ ባለቤት የሆነው ኩባንያ፣ ግን ቲጄኤክስ ተብሎ አደገና በ1995 ማርሻልስን ራሱን ጠቅልሎ ገዛው።

ይህን የማወራው በምክንያት ነው። ከማርሻልስ ወጥታችሁ ዋጋ ለማወዳደር ቲጄ ማክስ ስትሮጡ፣ ገንዘቡ የሚገባው አንድ ኪስ ውስጥ ነው። ማወዳደር ካማራችሁ ሮስ ወይም በርሊንግተን ሂዱ፣ እነሱ ሌላ ቤት ናቸው።

የእነዚህ ሱቆች ዕቃ ለምን ረከሰ? ተራው ትልቅ መደብር ልብስ የሚያዘው ከወራት በፊት ነው። አልሸጥ ካለው ፋብሪካውን ኪሳራውን አጋራኝ ይላል፣ ለማስታወቂያም አዋጣ ይላል። እነዚህ ግን ዕቃ የሚገዙላቸውን ሠራተኞች ዓመቱን ሙሉ ያሰማራሉ። ትዕዛዝ የተሰረዘበት ወይም አብዝቶ ያመረተ ፋብሪካ ሲያገኙ ወዲያው ይከፍላሉ፣ ዕቃውንም አይመልሱም። በምላሹ ዋጋ ይሰበርላቸዋል። ኑሮ ሲከብድና ሌላው መደብር ትዕዛዝ ሲሰርዝ የእነሱ ገበያ የሚደራውም ለዚህ ነው። ቲጄኤክስ ዛሬ ከ5,000 በላይ ሱቆች አሉት፣ በ2025 መጀመሪያ በዘጋው የበጀት ዓመት ከ56 ቢሊዮን ዶላር በላይ ሸጧል። በትርፍራፊ ብቻ እዚህ አይደረስም! አንዳንዱ ዕቃ ገና ከጅምሩ ለእነዚሁ ሱቆች ተብሎ የሚመረት ነው።

ስለዚህ የዋጋ ወረቀቱ ላይ «ኮምፔር አት» (ሌላ ቦታ የሚሸጥበት ዋጋ ለማለት) ብሎ የተጻፈውን ቁጥር እንደ ወንጌል አትዩት። ካሊፎርኒያ ውስጥ በዚህ ጉዳይ ክስ ቀርቦባቸው ያውቃል። ስልካችሁን አውጡና ዕቃው ሌላ ቦታ ስንት እንደሚሸጥ እዩ። ከዚያ ስፌቱን ገልብጣችሁ አገላብጡት። ቲጄ ማክስ ውስጥ ቀይ ተለጣፊ ካያችሁ ዋጋው ወርዷል ማለት ነው፣ ቢጫው ደግሞ የመጨረሻው ነው። ቢጫ ሳገኝ ብዙም አላመነታም።

ስጦታ ቀደም ብሎ መግዛት ጥሩ ነው፣ ግን የመመለሻ ቀኑን አትርሱ። በአብዛኛው 30 ቀን ገደማ ነው። የሁለት ወር እረፍት የሚሄድ ሰው ጫማው ለእህቱ ልጅ ጠበበ ብሎ መልሶ ሲያመጣ ጊዜው አልፏል። የእግሩን ልክ በሴንቲሜትር አስለክታችሁ ተቀበሉ፣ የአሜሪካ ቁጥር እዚያ ማንንም አይረዳም። ሻንጣው 23 ኪሎ መሆኑንም አስቡ። ሦስት ከባድ የብረት ድስት ይዞ ኤርፖርት መሬት ላይ ሻንጣ መበርበር ያሳፍራል።

ከአሜሪካ ለምትሄዱ ግን ከሁሉም የሚብሰው የኤሌክትሪክ ዕቃው ነው። ጁስ መፍጫ፣ ካውያ፣ ፀጉር ማድረቂያ በጥሩ ዋጋ ተደርድሮ ዓይን አዋጅ ይሆንባችኋል። ከሥሩ ያለችውን ትንሽ ጽሑፍ አንብቡ። 120 ቮልት ብቻ ካለ ተዉት። አገር ቤት 220 ስለሆነ፣ እናታችሁ ሶኬት ላይ በሰካችው ቅጽበት ሊቃጠል ይችላል። ከ100 እስከ 240 የሚል ከሆነ ይሠራል፣ የሶኬት ማስማሚያ ብቻ ጨምሩበት።

ካሸሯ ደግሞ የሱቁን ክሬዲት ካርድ ብታወጡ ዛሬ 10 በመቶ ይቀነስላችኋል ብትላችሁ፣ አመስግናችሁ እምቢ በሉ። ወሩን ሳትከፍሉ ካለፋችሁ ወለዱ ቅናሹን ሁሉ ይበላዋል።