ስለ «ክሪስቶፈርና መሰሎቹ» ለጠየቃችሁኝ

ስለ ደራሲው ክሪስቶፈር ኢሸርውድ የተሠራውን ድራማ የሚመለከት ጥያቄ ያላችሁ ጠይቁኝ ብዬ ነበር። ጥያቄው ጎረፈ። ድራማውን ደጋግሜ አይቼዋለሁ፣ ድራማው የተሠራበትን የራሱን መጽሐፍም አንብቤዋለሁ። እነሆ መልሶቼ።

ጥያቄ፦ እውነተኛ ታሪክ ነው?

አዎ፣ የራሱ ሕይወት ነው። ኢሸርውድ እንግሊዛዊ ነው። እ.ኤ.አ. በ1929 ገና በ24 ዓመቱ ጓደኛውን ገጣሚውን ኦደንን ሊጠይቅ በርሊን ሄደ። ከተማዋ ልቡን ወሰደችው። በዚያው ዓመት መጨረሻ ጓዙን ጠቅልሎ ገባ፣ እስከ 1933 ኖረባት። ድራማውን ቢቢሲ በ2011 አሳየው፤ ኢሸርውድን ሆኖ የሚጫወተው ማት ስሚዝ ነው። ቀረጻው ቤልፋስት ነው።

ጥያቄ፦ ምን ፈልጎ ነው በርሊን የሄደው?

ወንድ የሚወድ ወንድ ነበር። ያኔ በእንግሊዝ ይህ ያሳስር ነበር። ጀርመንም አንቀጽ 175 የሚባል ከልካይ ሕግ ነበራት፤ በርሊን ግን ወንድ የሚወዱ ወንዶች የሚሰበሰቡባቸው መጠጥ ቤቶች በግልጽ ይሠሩ ነበር። ሌላው ምክንያት ቤተሰብ ነው። አባቱ በ1915 ጦርነት ላይ ሞተዋል። እናቱ ልጃቸው የዩኒቨርሲቲ ምሁር እንዲሆንላቸው ይመኙ ነበር። እሱ የካምብሪጅ ፈተና ላይ የቀልድ መልስ ጽፎ ትምህርቱን ተወ።

ጥያቄ፦ ርዕሱ ምን ማለት ነው?

እኛ «እሱና መሰሎቹ» ስንል ብዙ ጊዜ ለነቀፋ ነው። ኢሸርውድ ግን ኮርቶ ነው የተናገረው። በ1939 ባሳተመው የበርሊን መጽሐፉ ተራኪው ማንን እንደሚወድ ደብቆ ነበር። የደበቀውን በ1976 በዚህ ርዕስ ጻፈው። ስለ ወጣትነቱ ሲያወራም «እኔ» አይልም፤ «ክሪስቶፈር» እያለ እንደ ሌላ ሰው ይተርከዋል።

ጥያቄ፦ ዘፋኟ ልጅ በእውነት ነበረች?

ጂን ሮስ ትባላለች። «ካባሬ» በሚባለው ሙዚቃዊ ፊልም ላይ የምናውቃት ሳሊ ቦውልስ ከእሷ የተወሰደች ናት። ጂን ግን በኋላ የስፔንን ጦርነት የዘገበች ጋዜጠኛ ሆናለች። በሳሊ ስም መታወቁን አልወደደችውም፤ እውነቷን ነው።

ጥያቄ፦ ከልጆች ጋር ይታያል?

አይታይም፤ የአልጋ ትዕይንት አለው።

ጥያቄ፦ መጽሐፍ ሲቃጠል እሱ እዚያ ነበር?

ነበር። ግንቦት 1933 ናዚዎች የጀርመናዊውን ሐኪም የማግኑስ ሂርሽፌልድን የሥነ ፆታ ተቋም ዘርፈው መጻሕፍቱን አደባባይ ላይ አቃጠሉ። ኢሸርውድ በርሊን እንደገባ የተከራየው ቤት ከዚያ ተቋም ጎን ነበር። ሕዝቡ መሀል ቆሞ «ነውር ነው!» አለ፤ ጮክ ብሎ ግን አይደለም። ይህንን ራሱ ነው የጻፈው። ፈርቶ እንደነበር አለመደበቁ ልቤን ነካው።

ጥያቄ፦ ሃይንትስ ምን ሆነ? ሞተ?

ይህን የጠየቃችሁ ብዙ ናችሁ፤ ለእኔም የታሪኩ ልብ እሱ ነው። ሃይንትስ ኔደርማየር ኢሸርውድ በ1932 የተዋወቀው ጀርመናዊ ፍቅረኛው ነው። ናዚ ሲመጣ አብረው ወጡ። ጥር 1934 ሃይንትስ በእንግሊዟ ሃሪች ወደብ ደረሰ። ፓስፖርቱ ላይ ሥራው «የቤት አገልጋይ» ይላል። የኢሚግሬሽን ሹሙ ኢሸርውድ የጻፈለትን ደብዳቤ አነበበ። የፍቅር ደብዳቤ መሆኑ ገባው። መለሰው። ኢሚግሬሽን መስኮት ፊት ቆሞ ልቡ የመታበት ሰው ያንን ሰዓት ያውቀዋል።

ከዚያ መንከራተት ሆነ። ካናሪ ደሴቶች፣ ኮፐንሃገን፣ አምስተርዳም፣ ፖርቱጋል ውስጥ ሲንትራ። ቪዛው ባለቀ ቁጥር ሌላ አገር። የሜክሲኮ ዜግነት ይገዛለት ተብሎ ለጠበቃ 1,000 ፓውንድ ተከፈለ፤ ገንዘቡን የሰጡት የኢሸርውድ እናት ናቸው። አልሆነም። በ1937 ሃይንትስ ቪዛ ሊያወጣ የጀርመን ከተማ ወደሆነችው ትሪር ሲገባ የናዚ ምስጢር ፖሊስ ጌስታፖ ያዘው። ስድስት ወር እስር፣ ከዚያ የአንድ ዓመት የጉልበት ሥራ፣ ከዚያ ሁለት ዓመት ውትድርና ፈረዱበት።

ግን አልሞተም። ትዳር ያዘ፣ ወንድ ልጅም ወለደ፣ ጦርነቱንም ተረፈ። በ1952 ኢሸርውድ በርሊን ተመልሶ አገኘው።